በእጅ የሚሠሩ የወረቀት መለያዎችና ማስጌጫዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእጅ የሚሠራ የወረቀት መለያ ከስጦታ፣ ከማስታወሻ ደብተር ወይም ከጠርሙስ አንገት ላይ በክር የሚንጠለጠል ትንሽ ካርድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሥራውን የሚጀምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በተለያየ መንገድ ቢሄዱም አብዛኞቹ የሚመለሱት ወደ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የትኛው ቁስ ከየትኛው መቅደም እንዳለበትና በመካከሉ ምን ያህል መድረቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

የቅይጥ ቁሳቁስ አሠራር ከተለመደው የወረቀት ሥራ በምን ይለያል?

በተለመደው የወረቀት ሥራ መቁረጥ፣ ማጠፍና መለጠፍ ይበቃል። በቅይጥ ቁሳቁስ አሠራር ግን በአንዲት ቁራጭ ካርድ ላይ ቀለም፣ የታተመ ጽሑፍ፣ ጨርቅ፣ ክር፣ ሰምና ቀጭን ብረት ተደራርበው ይገኛሉ። ሐሳቡ ረጅም ዕድሜ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ፓብሎ ፒካሶ የታተመ የሰም ጨርቅና ገመድ፣ ጆርጅ ብራክ ደግሞ የእንጨት መልክ ያለው የግድግዳ ወረቀት በሥዕሎቻቸው ላይ ካዋሉ ወዲህ ከቀለም ውጪ ያሉ ነገሮችን በሥዕል ላይ መለጠፍ እየተለመደ መጥቷል። መለያ ግን ከሥዕል የሚለይበት አገልግሎት አለው፦ ይንጠለጠላል፣ በእጅ ይነካል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ስም ወይም መልእክት ይጻፍበታል። በመሆኑም ለግድግዳ ሥዕል የሚያምረው ውፍረት ለመለያ ሸክም ሊሆንበት ይችላል። እኔ በበኩሌ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ መለያ ለስጦታ እንጂ ለመጽሐፍ ዕልባት አይሆንም ባይ ነኝ።

ለመጀመር የትኞቹ መሣሪያዎች የግድ ያስፈልጋሉ?

ከሚገመተው ያነሱ ናቸው። ጥሩ ስለት ያለው መቀስ፣ ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ የወረቀት መብሻ ወይም ወስፌ፣ ነጭ ኮላ፣ አንድ ሰፊና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ ነጭና ሌሎች ሁለት የአክሪሊክ ቀለሞች፣ የስፖንጅ ቁራጭ፣ ያገለገለ የፕላስቲክ ካርድና ክር ካለ ብዙ ዓይነት መለያ መሥራት ይቻላል። ማኅተም ከላጲስ በከተር ተቀርጾ ይወጣል፤ ስቴንስል፣ ማለትም ንድፉ ተቆርጦ የወጣበት ቀለም ማሳለፊያ ገጽ፣ ከአሮጌ የፕላስቲክ ፋይል ሽፋን ይቆረጣል፤ አየር የቋጠረ የዕቃ መጠቅለያ ፕላስቲክ ወይም የካርቶን ውስጠኛ ሸንተረር ቀለም ተቀብቶ ሲታተም ደግሞ ተገዝቶ ከሚመጣው ማኅተም የማይተናነስ ንድፍ ይሰጣል። ውድ የሆኑት የመቁረጫ ማሽኖች ሊቆዩ ይችላሉ።

ለመሠረት የሚሆነው የትኛው ወረቀት ነው?

በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይመረጣል። ለፕሪንተር የሚያገለግለው ተራ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም ስለሆነ ለላይኛው ንብርብር እንጂ ለመሠረት አይበቃም፤ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ቁልፍ ወይም ብረት ሲሸከምም ይጎብጣል። ብዙ ውሃ የሚጠይቅ ሥራ ከታሰበ 300 ግራም የሆነው የውሃ ቀለም ወረቀት የተሻለ ነው። ወጪ ለማይፈልግ ሰው የሳሙና ወይም የመድኃኒት ካርቶን ያገለግላል፤ ሆኖም አንጸባራቂው ገጽ ኮላና ቀለም በደንብ ስለማይዝ ወይ ያልተሸፈነውን ግራጫ ገጽ መጠቀም፣ ወይ አንጸባራቂውን በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የቃጫ አቅጣጫን ነው። በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። ወረቀቱን ሳይሰብሩ በሁለቱም በኩል ቀስ ብለው ቢያጎብጡት በአንደኛው በኩል እሺ ሲል በሌላው ይገትራል። በቀላሉ የጎበጠበት መስመር ከቃጫው ጋር ትይዩ ነው። የመለያው ረጅም ጎን ከዚህ መስመር ጋር እንዲሄድ አድርጎ መቁረጥ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ቁመቱን ይዞ እንዲቀር ያግዘዋል።

መጠኑ፣ ቅርጹና ቀዳዳው እንዴት ይወሰናል?

የተለመደው መለያ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ወይም ለእጥፍ የቀረበ ነው፤ 5 በ10 ወይም 7 በ14 ሴንቲ ሜትር ለመጀመሪያ ይመቻሉ። የላይኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ከጫፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ሲቆረጡ የታወቀው የመለያ ቅርጽ ይወጣል። ቀዳዳው ከላይኛው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ከቀረበ ክሩ ወረቀቱን ይተለትለዋል። ቀዳዳውን ከፊትና ከጀርባ በወረቀት ቀለበት ማጠንከር ዛሬም የሚሠራበት ብልሃት ሲሆን፣ አሜሪካዊው ኤሊፋሌት ዴኒሰን ለጭነት መለያ የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። በቤት ውስጥ ለመሥራት ከወፍራም ወረቀት ሁለት ትንንሽ ክቦች ቆርጦ ፊትና ጀርባ መለጠፍ፣ ሲደርቅም ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መብሳት ነው። አስቀድሞ በስቶ ማገጣጠም ትርፉ ድካም ነው።

የሥዕል ጄሶ መቀባት ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። የሥዕል ጄሶ የአክሪሊክ ማያያዣ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ነጭ ቀለም ተቀላቅለው የሚሠራ ሲሆን ለግድግዳና ለጣሪያ ከሚውለው ጄሶ ጋር መምታታት የለበትም። ወረቀቱ ቀለሙን እንዳይመጠው ያደርጋል፣ በላዩ ለሚመጣው ቀለም ደግሞ ሻካራ መያዣ ይሆናል። በሌለበት ነጭ የአክሪሊክ ቀለም በስሱ ተቀብቶ ሊተካው ይችላል፤ ሻካራነቱ ግን ያንሳል። የውሃ ቀለም በወረቀቱ ውስጥ እየተሰራጨ የሚሰጠውን ለስላሳ መልክ የሚፈልግ ሰው ጄሶውን ይተወው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ምን መምሰል አለበት?

አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። በጥቅሉ ጠፍጣፋው ከጎበጠው፣ ውሃ የሚበዛበትም ከደረቁ ይቀድማል፤ ሰምና ቅባት ያለበት ቁስ ግን ቀለም ከተቀባ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱ የቁሶቹ ጠባይ ነው። የአክሪሊክ ቀለም ከደረቀ ውሃ አያሟሟውም፤ ስለዚህ በላዩ ሌላ ቀለም ቢደረብ የታችኛው አይነሣም። የውሃ ቀለምና በውሃ የሚሟሙ የማኅተም ቀለሞች ግን ደርቀውም እርጥበት ሲያገኛቸው እንደገና ይፈታሉ፤ በእነርሱ ላይ ኮላ በብሩሽ ሲቀባ ንድፉ የሚጨማለቀውም ለዚህ ነው። ሰም የነካው ገጽ ደግሞ በውሃ የቀጠነ ቀለምን ይገፋል። ታስቦበት ሲደረግ ይህ ጠባይ ራሱ ጥበብ ይሆናል፦ በነጭ ሻማ ጫፍ የተጻፈ ስም መጀመሪያ አይታይም፣ የውሃ ቀለም ሲፈስበት ግን ፊደሎቹ ነጭ ሆነው ብቅ ይላሉ። ሳይታሰብ ሲሆን ግን በመጨረሻ የተቀባው አክሪሊክ በጥፍር ሲነካ እየተላጠ ይነሣል።

አንድ መለያ ሲሠራ ደረጃ በደረጃ እንከተለው። 7 በ14 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርድ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ገጽ በእጅ የተቀደዱ ቁራጮች በነጭ ኮላ ይለጠፋሉ፤ በእጅ የተቀደደ ጠርዝ ስለሚሳሳ መገናኛው ጎልቶ አይታይም። በፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር ሲዳመጡ በመካከል የቀረው አየርና ትርፍ ኮላ ይወጣል። ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጄሶ በዚያው ካርድ ጠርዝ ተወስዶ በገጹ ላይ ይፋቃል፤ በብሩሽ ስላልተቀባ አንዳንዱን ፊደል ይሸፍናል፣ አንዳንዱን ያሳያል። ያም ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ሰማያዊ አክሪሊክ ይቀባና ወዲያው በጨርቅ ይጠረጋል። ቀለሙ ከከፍታው ላይ ለቆ በወረቀቶቹ መገናኛና በጄሶው ጭረቶች ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ለእኔ የመለያው ውበት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ስቴንስል ተደርጎበት ሞዴሊንግ ፔስት (ሲደርቅ ጠንክሮ ከፍ ያለ ቅርጽ የሚይዝ ወፍራም ልጥፍ) በስሱ ይዳመጣል። ስቴንስሉ ፔስቱ ሳይደርቅ ወደ ጎን ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ሳይውል ሳያድርም ይታጠባል። ፔስቱ ከደረቀ በኋላ ጠርዞቹ በስፖንጅ ቡናማ ቀለም ይነካካሉ። ቁልፉ፣ አበባውና ክሩ ተራቸው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መድረቁን በምን ማወቅ ይቻላል? ቀጭን የአክሪሊክ ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርቅ ይችላል፤ ፔስትና ወፍራም ኮላ ግን ማደር ይወዳሉ። ገጹ ደርቆ ቢታይም በእጅ ጀርባ ሲነካ ከቀዘቀዘ ከውስጡ እርጥበት ገና እየተነነ ነው፤ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል።

ኮላ ወይም ቀለም ሲቀባ ካርዱ ለምን ይጣመማል?

ውሃ የነካቸው ቃጫዎች ያብጣሉ፤ እርጥበቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ያኛው ወገን ሲሰፋ የጀርባው ባለበት ስለሚቆይ ካርዱ ይጎብጣል። ሲደርቅ ደግሞ የተቀባው ወገን ይኮማተርና ወደ ተቃራኒው ይስበዋል። ፍቱን የሆነው መላ ጀርባውንም በተመሳሳይ ነገር በስሱ መቀባት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እኩል ስለሚጎትቱ ካርዱ ቀጥ ይላል። ቀድሞ የተጣመመ ካለ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀቶች መካከል አድርጎ ከከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደር ነው። ኮላን ከሚገባው በላይ በውሃ ማቅጠን ችግሩን ያባብሰዋል።

የትኛው ኮላ ለየትኛው ሥራ ይሆናል?

ለወረቀት፣ ለካርድና ለጨርቅ ፒቪኤ የሚባለው ነጭ ኮላ በስሱ ተቀብቶ ይበቃል። ለስስ ወረቀት ከእርሱም ይልቅ የዱላ ኮላ ይሻላል፣ ምክንያቱም ውሃው ጥቂት ነው። ከስታርች የሚሠራ ሙጫ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ወረቀቱን አንሸራቶ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፤ በውሃም ተመልሶ ይለቃል። ጨርቅና ዳንቴል በጄል ሚዲየም (ቀለም ባልገባበት ወፍራም የአክሪሊክ ማያያዣ) ሲለጠፉ ጠርዛቸው አይነሣም። ቁልፍና ብረት ላይ ግን ኮላን ብቻ ማመን አይበጅም፤ ለስላሳና ድፍን ገጽ ላይ ነጭ ኮላ ደርቆ ሊለቅ ስለሚችል ቁልፉን በክር ወይም በቀጭን ሽቦ አስሮ ጀርባውን በወረቀት መሸፈን ይሻላል። ግልጽ ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ስለሚላቀቅ እንዲቆይ በሚፈለግ ሥራ ላይ አይመከርም።

ፎቶ ወይም ጽሑፍ ወደ መለያው ማስተላለፍ እንዴት ይቻላል?

ምስሉ በሌዘር ፕሪንተር ወይም በፎቶ ኮፒ ማሽን የወጣ መሆን አለበት። የእነዚህ ቀለም በሙቀት ወረቀት ላይ የተጣበቀ የፕላስቲክነት ያለው ዱቄት ስለሆነ ጄል ሚዲየም ይዞ ያስቀረዋል፤ የብዙዎቹ ኢንክጄት ፕሪንተሮች ቀለም ግን በእርጥበት ይሟሟል። በካርዱ ላይ ጄል ሚዲየም ይቀባና የታተመው ገጽ ወደ ታች ተደርጎ ይለጠፋል፣ በፕላስቲክ ካርድ ይዳመጣል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ይተዋል። ከዚያ ጀርባው በእርጥብ ስፖንጅ ረጥቦ ወረቀቱ በጣት ጫፍ እየታሸ ይነሣል። በመጀመሪያው ጊዜ ጥርት ያለ የመሰለው ምስል ሲደርቅ እንደገና ነጣ ይላል፤ ይህ የቀረው ቃጫ ነው፣ በድጋሚ ረጥቦ ይታሻል። ከልክ ያለፈ ማሸት ግን ቀለሙን ጭምር ይወስዳል። ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሚታተም ፊደል ካለበት አስቀድሞ በኮምፒውተር መገልበጥ እንዳይረሳ።

ወረቀትን በሻይ ወይም በቡና ማስረጀት ጉዳት አለው?

መልኩ ያምራል፤ ሁለቱም ግን አሲድነት ስላላቸው ወረቀቱን ከዓመታት በኋላ ያሰባብሩታል፣ አጠገቡ ያለውንም ሊያበላሹት ይችላሉ። ለስጦታ መጠቅለያ ይህ ማንንም አያስጨንቅም። የቤተሰብ ፎቶ ለሚያርፍበት አልበም ከሆነ በውሃ የቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ ተመሳሳይ መልክ ይሰጣል። ጋዜጣም በውስጡ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ቁስ ስላለ በብርሃን ቢጫ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ዋናውን ፎቶ በመለያ ላይ ከመለጠፍ ቅጂውን መጠቀም ይሻላል።

ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ በምን ይሠራል?

በሙቀት በሚቀልጥ የኢምቦሲንግ ዱቄት ነው። ቶሎ በማይደርቅ ቀለም ማኅተም ይመታል፣ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፣ ትርፉ ተራግፎ ወደ ዕቃው ይመለሳል፣ ከዚያም ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ዱቄቱ እስኪቀልጥ ይሞቃል። ተራው የፀጉር ማድረቂያ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ ያንሳል፣ ነፋሱ ደግሞ ዱቄቱን ይበትነዋል። ጽሑፉ ባልተመታበት ቦታ ዱቄት ከተጣበቀ ወረቀቱ እርጥበት ወይም የኤሌክትሪክ ስበት አለው ማለት ነው፤ ከማተም በፊት በጥቂቱ የታልክ ዱቄት መጥረግና ማራገፍ ይረዳል። አክሪሊክ በተቀባ ገጽ ላይ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ከቆየ ቀለሙ አረፋ ያወጣል።

ማስጌጫዎቹንም ራሴ ከወረቀት መሥራት እችላለሁ?

ይቻላል፤ እንዲያውም ተገዝቶ ከሚመጣው ይልቅ ከመለያው ጋር ይስማማሉ፣ ምክንያቱም ከዚያው ወረቀትና ቀለም ይወጣሉ። የጸሐይ ቅርጽ ያለው አበባ የሚሠራው 3 ሴንቲ ሜትር ወርድና 36 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ጥብጣብ እንደ አኮርዲዮን በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በማጠፍ ነው። ጫፎቹ ተጣብቀው ቀለበት ሲሆኑ የላይኛው ጠርዝ ወደ መሃል ተገፍቶ ይዘረጋና በጀርባው ክብ ካርድ ይለጠፍበታል። የአበባው ስፋት የጥብጣቡ ወርድ እጥፍ፣ እዚህ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ርዝመቱ ከወርዱ አንጻር በጣም ካጠረ ግን አልዘረጋም ይላል።

ጽጌረዳ ለሚፈልግ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ወረቀት ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየዞረ ይቆረጣል፣ ከውጪኛው ጫፍም ጀምሮ ይጠቀለላል፤ ሲለቀቅ በልኩ ይላላና መሃል ላይ የቀረችው ትንሽ ክብ ኮላ ተቀብታ ከሥር ትይዘዋለች። የወረቀቱን ጠርዝ አስቀድሞ በስፖንጅ ቀለም መንካት ቅጠሎቹን አጉልቶ ያሳያቸዋል። ስቴኪኒ ላይ ቀጫጭን ጥብጣብ እየጠቀለሉ ቅርጽ መስጠትም ቀላል ነው፤ ትንንሾቹን ጥቅሎች ለማንሣት ወረንጦ ያስፈልጋል።

ከቆሻሻ ወረቀት የሚወጣ ቅርጽም አለ። የቢሮ ወረቀት ተቀዳዶ አንድ ሌሊት በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በብዙ ውሃ ይፈጫል፣ በወንፊት ተጠልሎ ጥቂት ስታርች ይታከልበትና በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጠቀጠቃል። በላዩ ስፖንጅ እየተጫነ ውሃው ይመጠጣል። ከመድረቁ በፊት ከቅርጹ ማውጣት አበላሽቶ መጀመር ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ። የደረቀው ቅርጽ ቀላል ስለሆነ ካርዱን አይጎትተውም፤ ከሸክላ ከሚሠሩት ጌጦች የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀት በስፌት መኪና ይሰፋል?

ይሰፋል። የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሲያጥር ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ወረቀቱ በመስመሩ ላይ ይቀደዳል። ወረቀት መርፌን ስለሚያደነዝዝ ለጨርቅ የማይውል መርፌ ለብቻ መመደብ ይገባል። በመጨረሻ ወደኋላ ተመልሶ ከመስፋት ክሩን ወደ ጀርባ አሳልፎ ማሰር ይሻላል። በእጅ ለሚሰፋ ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ በወስፌ መብሳት ካርዱን ከመሸብሸብ ያድነዋል።

በቀለሙ ላይ እስክሪብቶ አልጽፍ ቢልስ?

ተራ እስክሪብቶ በአክሪሊክ ገጽ ላይ ይንሸራተታል። ውሃ የማያሟሟው ፒግመንት ቀለም ያለው ብዕር ይጠቀሙ፣ ወይም ለመልእክቱ ብቻ ያልተቀባ ወረቀት ቆርጠው በመለያው ላይ ይለጥፉ። ሁለተኛው ለእጅ ጽሑፍ ሁልጊዜ ያስተማምናል።

ከልጆች ጋር ሲሠራ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ከተርና የሙቅ አየር መሣሪያ የአዋቂ ሥራ ይሁኑ። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባሉበት ቁልፍና ዶቃ ሊያንቁ ይችላሉና ይራቁ። የሚረጭ ቀለም ከቤት ውጪ ይረጭ፤ ለቀለምና ለወረቀት መፍጫ የዋለ ዕቃ ወደ ማድ ቤት ተመልሶ አይግባ።

የተጠናቀቁ መለያዎች ተደራርበው ሲቀመጡ ለምን ይጣበቃሉ?

አክሪሊክ ከደረቀም በኋላ በመጠኑ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀትና ክብደት ሲያገኘው ሁለት የተቀቡ ገጾች ይያያዛሉ፣ ሲላቀቁም አንዱ የሌላውን ቀለም ይዞ ይነሣል። በየመካከላቸው የመጋገሪያ ወረቀት ማስገባት ያድናቸዋል። ሌላው መንገድ ቀለም የሌለው የሰም ፔስት በጨርቅ በስሱ ቀብቶ መወልወል ነው፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ቀለምም ሆነ ኮላ ስለማይዝ የሚቀር ጌጥ ካለ አስቀድሞ መለጠፍ አለበት። አበባና ቁልፍ ያለባቸው መለያዎች ከመደራረብ ይልቅ በሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ቢቀመጡ ይሻላል፤ ክሮቻቸው እንዳይጠላለፉም እያንዳንዱ በራሱ መለያ ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ከጀርባ ይሸጎጣል።